የተተከለ ድንጋይ ይጸድቃል?

ባለፈው የካቲት ለዘመድ ጥየቃ ትክል ድንጋይ ሄጄ ነበር። ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የዚህችን የላይ አርማጭሆ ከተማ ስም የሰማ ሁሉ፣ “ድንጋዩን ማን ተከለው? ለምንስ ተከለው?” ማለቱ አይቀርም። እኔም ልጅ ሳለሁ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝን መልስ ረስቼዋለሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ አድጓል።

ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ተሸጋግሯል። ጠዋት የጠፋው መብራት አልመጣም። በሬዲዮ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። ማንም ልብ ብሎ የሚሰማት አልነበረም። በመሐል ጋዜጠኛው ድምፁን ሞቅ አድርጎ፣ በባሕር ውስጥ እየሞቱ ያሉ የኮራል ቋጥኞችን ሳይንቲስቶች በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማዳን እንደቻሉ አበሠረ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

“ቆይ እስቲ ልጄ፤ ለባሕር ድንጋይ መብራት አስገቡለት ነው የሚለው?”

“ይመስላል አባባ።”

“ታዲያ እኛስ ትክል ድንጋይ አይደለንም እንዴ? ንገሯቸዋ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ማታ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጬ ሳስበው ግን ሳቁ ቅር አሰኘኝ። ሽማግሌው በቀለዱት አልከፋሁም፤ ቀልዳቸው እውነት ነው። የከፋኝ ወሬው እንዲሁ ተስቆበት ማለፉ ነው። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ያነበብሁት የኔን ሳቅም፣ የጋዜጠኛውን ብሥራትም አንድ ላይ አጠፋቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር የምገጥመው ክርክር ነው። “ኤሌክትሪክ ኮራልን አዳነ” ከሚለው ጋርም፣ “ባሕር ለሌለው ሕዝብ ይህ ምኑ ነው?” ከሚለው ጋርም። በመጨረሻ ደግሞ ክርክሩ ወደ ገዛ ደጃችን መምጣቱ አይቀርም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ኮራል ድንጋይ አይደለም፤ ድንጋይ የሚሠራ እንስሳ ነው። አብዛኛው ከጤፍ ቅንጣት እስከ ሽምብራ ፍሬ ቢያክል ነው። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየቀዳ ከበታቹ የኖራ ድንጋይ ይገነባል፤ እርሱ ሲሞት ልጆቹ በላዩ ይገነባሉ። ሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች በጥገኝነት ይኖራሉ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ አብዛኛውን ለባለቤቱ የሚያበሉትም፣ ቀለሙን የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። የኮራል ቋጥኝ ከውቅያኖስ ወለል አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከባሕር ፍጥረታት ዓይነት ሩብ ያህሉ ኑሮው ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ዓሣ አጥማጁም፣ ባሕሩ ሲናወጥ ማዕበሉ የሚሰበርለት የባሕር ዳር ነዋሪም እንደዚያው።

ኤሌክትሪኩ ከዚህ ጋር የተገናኘው በአንድ አርክቴክት አማካይነት ነው። ቮልፍ ሂልበርትስ የሚባል በጀርመን የተወለደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። የሰውየው ሕልም ዓሣም ኮራልም አልነበረም፤ ቤት ነበር። ዛጎልና ኮራል ከባሕር ውሃ ድንጋይ መሥራት ከቻሉ እኛስ የሕንፃ ግድግዳ ለምን ከባሕር አናበቅልም? አለ። ሁለት ብረቶች ባሕር ውስጥ ነክሮ አነስተኛ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ለቀቀባቸው። አሉታዊው ጫፍ በተያያዘበት ብረት ላይ ነጭ ነገር ይጋገር ጀመር።

ምሥጢሩ ሰማያዊ አይደለም። በዚያ ብረት ዙሪያ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ይሰነጥቀዋል፤ ሃይድሮጂን በአረፋ መልክ ይወጣል፤ የውሃው ጠባይ እንደ አመድ ውሃ ይሆናል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይዟል፤ ማግኒዚየም ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ጠባዩ በተለወጠው ውሃ ውስጥ እነዚህ ሟምተው መቆየት ስለማይችሉ ብረቱ ላይ ይለጠፋሉ። ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው የዚህን ነገር ዘመድ አይቷል። የሚያስፈልገው ቮልት ከመኪና ባትሪ አይበልጥም፤ ከ12 ቮልት በታች ነው። ሁለት ሦስቱ የሬዲዮ ድንጋይ ከሚሰጠው ቮልት ብዙም አይርቅም። የሚፈለገው ጅረት ቢለያይም፣ እኛ “ድንጋይ” ያልነው ነገር ድንጋይ ለማብቀያ መዋሉ የስም አጋጣሚ ብቻ አልመሰለኝም፤ ፈገግ አሰኝቶኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ጅረቱ ሲበዛ ድንጋዩ አይጠነክርም። በችኮላ የተጋገረው ማግኒዚየም የበዛበትና በጣት የሚፈረፈር ይሆናል። ጠንካራውን ድንጋይ የሚያበቅለው ትንሽ ኃይልና ረጅም ጊዜ ነው፤ ያም በዓመት ከአንድና ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። መብራት ከጠፋ ደግሞ እድገቱ ይቆማል፤ ውሎ ሲያድርም የተጋለጠው ብረት መዛግ ይጀምራል። ይህን ለትክል ድንጋይ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የሂልበርትስ የባሕር ቤት እርሱ እንዳለመው አልተስፋፋም። ሐሳቡን ወደ ኮራል ያዞረው ከጃማይካዊው ሳይንቲስት ከቶማስ ጎሮ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገናኘቱ ነው። ጎሮ የኮራል ተመራማሪ ልጅና ራሱም ተመራማሪ ነው። ሁለቱ ሆነው የተሰባበሩ የኮራል ቁራጮችን በብረቱ ላይ እያሰሩ መትከል ጀመሩ። የብረቱ ዙሪያ ለኮራል አጥንት ግንባታ የተመቸ ስለሚሆን እንስሳው ጉልበቱን ቆጥቦ በፍጥነት ያድጋል፣ ጉዳትንም ይቋቋማል የሚል ነው ክርክራቸው። ስሙንም “ባዮሮክ” አሉት፤ ሕይወት ያለው ዐለት እንደማለት ነው። ሂልበርትስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሞተ፤ ጎሮ ሥራውን ቀጠለ።

እውነት ይሠራል? ፈልሳፊዎቹ ኮራሉ ከተለመደው ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋል ይላሉ። ከእነርሱ ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች ሲፈትኑት መልሱ ይደባለቃል። አንዳንዱ የኮራል ዓይነት ላይ እድገቱ ወይም በሕይወት የመቆየቱ ነገር ተሻሽሎ ተገኝቷል። ሌላው ላይ ልዩነት አልታየም፤ ኤሌክትሪክ ካልነካው ባልንጀራው ያነሰም አለ። ስለዚህ ጨዋ ሰው ሊል የሚችለው ይህን ነው፦ ዘዴው ከንቱ አይደለም፤ የሚገነባው ድንጋይ እውነተኛ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ረድቷል። “አዳነ” የሚለው ቃል ግን ትልቅ ቃል ነው።

የዚህ ሥራ ማሳያ ተደርጎ የሚጠቀሰው በኢንዶኔዢያ፣ በባሊ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ፔሙተራን የተባለ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የመንደሩ ኮራል ደቅቆ ነበር። ዓሣ አጥማጆች በፈንጂና በሳያናይድ መርዝ ያጠምዱ ነበር፤ በ1998 ደግሞ የባሕሩ ሙቀት ከልክ አልፎ የተረፈውን መታው። በ2000 እነ ጎሮና ሂልበርትስ ብረታቸውን ተከሉ። ዛሬ ቦታው ለምልሟል፤ ጠላቂ ጎብኚዎች ከየአገሩ ይጎርፉበታል፤ በ2012 ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። ብሥራቱ እዚህ ላይ ያበቃል። “መብራት አስገቡለትና ዳነ።”

እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ሐረግ ብቻ የሚታለፈውን ክፍል ላንሣ። የፔሙተራን ሰዎች ፈንጂና መርዝ አቁመዋል። ያቆሙትም ባላንጣ መጥቶ አስገድዷቸው አይደለም። በባሊ ባህል የአካባቢን ሥርዓት የሚያስከብሩ የመንደር ጠባቂዎች አሉ፤ ፔሙተራን ይህን ልማድ ወደ ባሕር አውርዶ የባሕር ጠባቂዎች ሾመ። ፈንጂ ይዞ የሚመጣውን እንግዳ የሚመልሱት እነዚያው ትናንት ራሳቸው ፈንጂ ይወረውሩ የነበሩት ሰዎች ሆኑ። ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ጥበቃው የራብ ሥራ እንዳይሆን አደረገው።

ለመሆኑ ኮራሉን ያዳነው የትኛው ነው? ቮልቱ ነው ወይስ ዘበኛው? እስቲ ዘበኛውን አንሥተን ኤሌክትሪኩን ብቻ እንተወው። በማግስቱ አንድ ፈንጂ የዓመታቱን ብረትና ድንጋይ ወደ ፍርስራሽ ይለውጠዋል። አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩን አንሥተን ዘበኛውን እንተወው። እድገቱ ይዘገያል፤ ግን ይቀጥላል። ኮራል ኤሌክትሪክ ከመፈልሰፉ በፊት በሚሊዮን ለሚቆጠር ዘመን ያለማንም ምርኩዝ ኖሯል። ምርኩዝ ለሰባራ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ሰባሪው ቆሞ እያየ ምርኩዝ አቀባዩን ብቻ ማወደስ ምን ይሉታል?

ደግሞ የመንደር ዘበኛ የማይመልሰው ሰባሪ አለ። ሙቀት። ባሕሩ በበጋ ከለመደው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ለሳምንታት ካለፈ፣ ኮራሉ በውስጡ ያሉትን መጋቢ አልጌዎች ያስወጣቸዋል፤ ቀለሙ ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም በረኃብ ይሞታል። ዓለምን ያዳረሰ አራተኛው የኮራል መንጣት መድረሱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በይፋ ተነገረ። በዓመቱ የወጣው መግለጫ ደግሞ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ከዓለም የኮራል ቋጥኞች 84 ከመቶው ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት እንደደረሰባቸው አስታወቀ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ የምድር ሙቀት በአንድ ነጥብ አምስት ዲግሪ ከጨመረ ከ70 እስከ 90 ከመቶ ኮራል እንደሚጠፋ፣ በሁለት ዲግሪ ከሆነ ግን ከ99 ከመቶ በላይ እንደሚያልቅ አስጠንቅቋል። በዚህ ፊት የብረት ዘንግና 12 ቮልት ምን ይሆናሉ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ታዲያ ብሥራቱ ለምን እንዲህ ይጣፍጣል? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። “ፈጠራ አዳነው” የሚለው ወሬ ማንንም አይከስስም። ፋብሪካውን ዝጋ፣ ነዳጁን ቀንስ፣ ፈንጂህን ጣል አይልም። ሁሉም እንደ ነበረ ይቆይና አንድ ብልህ ሰው ሽቦ ይዘረጋልናል! ያስለመዱን የወሬ ዓይነት ይህ ነው፤ አገር ቤትም ይወለዳል። ወደዚያ እመጣለሁ።

በመጀመሪያ ግን ለሳቂዎቹ። “ባሕር የለንም፤ ኮራል ምናችን ነው?” ለሚሉት።

የሽማግሌውን ቀልድ አልነካም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት አገር፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አምፖል የማያውቅ ሲሆን፣ ያለው ደግሞ እንደ ትክል ድንጋይ ቡና ቤቶች “ዛሬ ይመጣ ይሆን?” እያለ ሲያመሽ፣ ሰው ስለ ባሕር ድንጋይ መብራት ቢስቅ ይገባዋል። የማልቀበለው ከሳቁ ቀጥሎ የሚመጣውን “አያገባንም” ነው።

ያገባናል። አያቶቻችን በጎንደር ገበያ ገንዘብ አድርገው ይለዋወጡበት የነበረው አሞሌ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከደንከል፣ ከአፋር ምድር ነው። ያም ጨው የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ፣ ተቆርጦ ቀርቶ፣ ደርቆ የተወው ነው። ሰምጦ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ በወረደው በዚያ የጨው ሜዳ ዳርቻ ዛሬም የኮራል ቋጥኝ ቆሟል። ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ባሕሩ በነበረ ጊዜ ያደገ፣ ባሕሩ ሲሄድ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ኮራል! ኢትዮጵያ ኮራል አላት፤ የሞተ ኮራል ነው ያላት። ባሕር ሲጠፋ ኮራል ምን እንደሚሆን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ከኛ ዘንድ ይምጣ።

ወደ ምጽዋም ብንወርድ፣ የአሮጌው ከተማ ቤቶች የተገነቡት ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ሂልበርትስ ያለመውን የባሕር ቤት የምጽዋ ግንበኞች ከርሱ በፊት በመቶዎች ዓመታት በሌላ መንገድ ሠርተውታል። የጎንደርን ግንብ ጥቁር ድንጋይ አያይዞ ያቆመው ኖራም ቢሆን በተፈጥሮው ያው ነው፤ ኮራሉ አጥንቱን ከሚሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት የሚገኝ ነው። የፋሲልን ግንብ የሚያደንቅ ሰው ኖራ የሚሠራን ፍጥረት “አላውቅህም” ሊለው አይገባም።

ሌላም አለ። ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ “የባሕር በር” የሚለው ቃል ከአገራችን አፍ አልወረደም። ወደቡ፣ መርከቡ፣ ታሪኩ፣ ሕጉ ተነግሮ አያልቅም። እኔ በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ባሕሩ ራሱ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ ምን እየሆነ እንዳለ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መስማቴን አላስታውስም። በርን እንጂ ባሕርን የማይፈልግ ሕዝብ ሆነናል? የዳህላክን ደሴቶች ስም የሚጠራ ሁሉ ከሥራቸው ያለውን ሕይወት ሊያስብ በተገባው ነበር። ብልሆች ሲተርቱ፣ “የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል” ብለዋል። እየተናደ ባለ ባሕር ዳርቻ ቆመን ስለ መላሱ ብቻ የምንከራከር እንዳንሆን እፈራለሁ።

አሁን ወደ ደጃችን።

የትክል ድንጋይን ሰው ስለ ኮራል ማስተማር ከባድ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ደጋው ነገሩን ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ከ1966ቱ ረኃብ ወዲህ ደርግ በስንዴና በዘይት ክፍያ፣ “ምግብ ለሥራ” እየተባለ፣ በደጋው ሁሉ እርከን አሠራ። ተራራው በድንጋይ ቀበቶ ታጠቀ። ሪፖርቱ በኪሎ ሜትር ተቆጠረ። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲዳከምና ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ ገበሬው እርከኑን አፈረሰው፤ የተተከለውንም ደን ቆረጠው። ለምን? ሞኝ ስለነበረ? አይደለም። መሬቱ የኔ ነው ብሎ ስላልተማመነ፣ ሥራው የታዘዘ እንጂ የተመከረበት ስላልነበረ ነው። ድንጋዩ ተተክሎ ነበር፤ ዘበኛ ግን አልነበረውም። ፔሙተራን ዘበኛው ባይኖር ምን ይሆን ነበር ላላችሁኝ መልሱ ይኸው፤ እኛ ዘንድ ሆኖ ታይቷል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ችግኝ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ለዓለም ተነገረ። የዚያን ቀን እኔም ተክያለሁ፤ አላፍርበትም። መትከል ክፉ አይደለም። ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ ያስተማረንን ነገር ረስተናል። አማርኛ ችግኝ “ተተከለ” ብሎ አያቆምም፤ “ጸደቀ” የሚለውን ቃል ይጠብቃል። ይህ ቃል ለነፍስ የምንለው ቃል ነው። ሰው በመጠመቁ ብቻ ጸደቀ እንደማይባል፣ ችግኝም በመተከሉ ብቻ ጸደቀ አይባልም። ክረምቱን አልፎ፣ በጋውን ችሎ፣ ከፍየል ተርፎ ሲገኝ ነው ጸደቀ የሚባለው። የተተከለው ቁጥር በነጋሪት ሲጎሰም፣ የጸደቀው ቁጥር በሹክሹክታ ይነገራል፤ ሲነገርም ብዙውን ጊዜ የቆጠረው ራሱ የተከለው ነው።

ሰባሪው ቆሞ ምርኩዝ ማደል ማለት ይህ ነው። ፍየሉ እንደልቡ የሚሰማራበት፣ ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው እንጨት የሚለቅምበት፣ የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ያልታወቀበት ኮረብታ ላይ በየዓመቱ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፈንጂው ባልቆመበት ባሕር ውስጥ ሽቦ መዘርጋት ነው። እኛም ያንኑ ብሥራት ወደድን፤ ማንንም የማይከስሰውን።

ማስረጃ የሚፈልግ ከጎንደር ወጣ ብሎ ዙሪያውን ይመልከት። በተራቆተው ደጋ ላይ እዚህም እዚያም እንደ ጥቁር አረንጓዴ ደሴት ቆሞ የቀረው ጫካ የማን ነው? የቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው በዚያ ቅጥር ውስጥ አለ። ያንን ደን በዘመቻ የተከለው የለም፤ ቁጥሩም በነጋሪት አልተጎሰመም። ያቆመው አንድ ነገር ነው። “እዚህ መጥረቢያ አይነሣም” የሚል፣ ሁሉም ያመነበት፣ ሁሉም የሚጠብቀው ቃል። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬትም ቢሆን በየሰፈሩ ተመክሮበት ከከብት ንክኪ በተከለለበት ቦታ፣ ማንም ሳይተክለው ሣሩና ቁጥቋጦው ተመልሶ ሲመጣ ገበሬው በዓይኑ አይቷል። ሕይወት የመመለስ ጉልበት በራሷ ውስጥ አለ፤ ከኛ የምትፈልገው በመጀመሪያ እጃችንን እንድናነሣ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣብኝን ሙግት አውቀዋለሁ። “ታዲያ ምንም አንሥራ? እርከኑም ችግኙም ሽቦውም ይቅር?” የሚሉ ወገኖች አሉ። አላልሁም። አፈሩ ጨርሶ የተጠረገበት ዳገት እርከን ያስፈልገዋል፤ ከልሎ መተው ብቻ አያድነውም። ፈንጂ ያደቀቀው የኮራል ፍርስራሽም ማዕበል እያገላበጠው ሕፃን ኮራል ሊይዝበት ስለማይችል፣ የረጋ መቆሚያ ሠርቶ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ፍጥነት ከጨመረለት እሰየው! የጎሮንና የሂልበርትስን ድካም የማከብረው ለዚህ ነው። ባዶ ባሕር ፊት ቆመው እጃቸውን አላጣጠፉም። ሙቀቱ እስኪበርድ ዘር የሚሆን ኮራል ማቆየት ከተቻለም፣ የኖኅ መርከብ ጥፋት ውሃውን ባታስቆምም ዘር አትርፋለች።

እኔ የምቃወመው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። መጀመሪያ ሰባሪው ይቁም፤ ቀጥሎ ዘበኛው ይቁም፤ ዘበኛውም ከጥበቃው የሚበላ ይሁን፤ ከዚያ ምርኩዙ ይምጣ። መጨረሻም የሚቆጠረው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይሁን። ይህን ለማድረግ የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም። ዘንድሮ በየቀበሌው የሚተከለው በሦስተኛው ዓመት የካቲት ላይ፣ በደረቁ ወር፣ የተከሉት ሰዎች ባልሆኑ ሽማግሌዎችና ተማሪዎች ይቆጠር። የተገኘው ቁጥር በቀበሌው በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከመቶ አሥር ከሆነም አሥር ተብሎ ይጻፍ። አሥሩ የቆሙበትን ምክንያት ከዘጠናው መሞት ምክንያት ጋር ማስተያየት፣ ከአንድ ሺህ ዘመቻ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ጋዜጠኞችም፣ እኔን ጨምሮ፣ “ተተከለ” የሚለውን ዜና ስንጽፍ በሦስተኛው ዓመት ተመልሰን “ጸደቀ ወይ?” ብለን ለመጠየቅ ቀኑን በማስታወሻችን ላይ እንያዝ። ይህ ካልሆነ ብሥራታችን ከዚያች ሬዲዮ ብሥራት አይሻልም።

ከትክል ድንጋይ በተነሣሁበት ማለዳ ሽማግሌው መንገድ ላይ አገኙኝ።

“ያ የባሕሩ ድንጋይ እንዴት ሆነ?” አሉኝ። መርሳታቸውን ነበር የጠበቅሁት።

ድንጋዩ ሕይወት ያለው ፍጥረት እንደሚገነባው፣ ውሃው እየሞቀ እንደሚገድለው፣ መብራቱም ጥቂት እንደሚያግዘው እንጂ እንደማያድነው የገባኝን ያህል ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

“ታዲያ ውሃውን ማነው የሚያሞቀው?”

“ሰው ነው አባባ። በሩቅ አገር ያለ ሰው ይበዛል።”

“እሱን ተናገሩት ወይ?”

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ “ጎንደር! ጎንደር!” እያለ ተጣራ። አልመለስሁላቸውም። ጎንደር እስክደርስ ድረስ ያሰብሁት እርሱን ነው፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍሁት ላልመለስሁላቸው ጥያቄ ነው። አልተናገርነውም አባባ። ሽቦ እየዘረጋን ነው።